ለቤተሰብ ተነግሯል

ሰመራ ላይ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ሰው የሚተኛው ውጭ ነው። አልጋው ከቤት ይወጣል፣ አጎበር ይወጠርለታል፣ ግቢው በሙሉ መኝታ ቤት ይሆናል። ጥቅምት ሲጋመስ ነፋሱ ይለዝባል። ኅዳር ሲገባ አልጋው ወደ ቤት ይመለሳል። ከተማው ይህን ቀን ይናፍቀዋል። በዚያ ዓመት ግን አንድ ሰው ፈራው።

ይታያል አምሳ አንድ ዓመቱ ነው። የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። በየካቲት አዲስ አበባ ሄዶ የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ወጣ። ቁስሉ ዳነ። ሽንቱም ከጥቂት ወራት በኋላ ልክ ገባ። ያልተመለሰ አንድ ነገር ነበር። ከቀዶ ጥገናው ቀን ጀምሮ ወንድነቱ አልተነሳም። ንጋት ላይ፣ ሰው ሳያስበው በሚመጣበት ሰዓት እንኳ አልመጣም። ለምን እንደሆነ አያውቅም። ማንም አልነገረውም፤ እሱም ማንንም አልጠየቀም።

እነዚያን ወራት ሙሉ ሙቀቱ ሸሸገው። ባልና ሚስት በየራሳቸው የሽቦ አልጋ፣ በየራሳቸው አጎበር ውስጥ ናቸው። አምስት እርምጃ ወዲያ ጎረቤታቸው ሃፍሳ ከነልጆቿ ተኝታለች። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ ማንም ከማንም ምንም አይጠብቅም። ይታያል ግን ቀኑን ያውቀዋል። አልጋው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሚስቱ ሠርካዲስ ከጎኑ ትተኛለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሲያስብ መሪ የያዘው እጁ ያልበዋል።

አገሩ ደላንታ ነው። መልካ ወረር እርሻ የመጣው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ለጥጥ ለቀማ ነበር። በሰባት ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ ቢሰጥ ቀድሞት መጥቶ ነበር፤ ያስመጣውም እሱ ነው። ሁለት ዓመት ለቀመ። በሦስተኛው ዓመት ትራክተር ላይ ወጣ። መንጃ ፈቃድ አወጣ። የእርሻው ሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ያደገችውን ሠርካዲስን አገባ። ሰመራ የክልሉ ዋና ከተማ ሆና ቢሮዎች ሲከፈቱ ሹፌር ይፈለግ ነበርና ተቀጠረ። ሠርካዲስም መዝገብ ቤት ሥራ አገኘች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ኤፍራታ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ቢሰጥ ወደ አዋሽ ከተማ ተዛወረ። ዛሬ ከዋናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለው።

ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ነገር አብረው ሠርተዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አባታቸው ታመሙ። ደሴ ሐኪሙ ቢሰጥን ለብቻ ጠርቶ የጉበት ካንሰር መሆኑን ነገረው። ለአባት አልተነገረም። እንዲህ ያለ ነገር ለቤተሰብ ይነገራል እንጂ ለታማሚ አይነገርም። «ደህና ነው፣ የጨጓራ ነው» ተባሉ። ከሁለቱ ይበልጥ አሳምኖ የተናገረው ይታያል ነበር። አባትየው አመኑትና ለመጪው ክረምት በሬ ያፈላልጉ ጀመር። በአምስተኛው ሳምንት ሞቱ።

ስለዚህ በየካቲት፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ፣ ነርሷ በሩን ከፍታ «የይታያል ቤተሰብ!» ስትል ምን እየሆነ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ቢሰጥና ሠርካዲስ ገቡ። እሱ አግዳሚው ላይ ቀረ። ግማሽ ሰዓት በሩን ተመለከተ። ሲወጡ የሠርካዲስ ዓይን ቀልቷል።

«ደህና ነው» አለ ቢሰጥ። «ካንሰሯ ትንሽ ነገር ናት። ተቆርጣ ትጣላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን አለ? እዚህ ጋ ፈርም። እኔ አንብቤዋለሁ።»

ፈረመ። በማግሥቱ ጠዋት ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ራሱ ሊያናግረው መጥቶ ነበር። ቢሰጥ ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ «ነግረነዋል፣ አያስጨንቁት» አለው። ሐኪሙ ወረፋ ይጠብቀው ነበር፤ ተመለሰ። ይታያል ይህን ያወቀው በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ደም ይሰጣል። ናሙናው አዲስ አበባ ይሄዳል። ውጤቱ ለቢሰጥ ይደወላል፤ ሐኪሙ ጋ የተመዘገበው የሱ ስልክ ነው። ቢሰጥ ለይታያል ይደውላል።

«ደህና ነው» ይለዋል።

ይታያል በዚህች ቃል ነበር የሚሞተው። ለማን እንደምትባል ያውቃላ። ራሱ ብሏታል። ወገቡ ደግሞ ያመዋል፤ ሃያ አምስት ዓመት ያሽከረከረ ሹፌር ወገብ ሁልጊዜ ያመዋል፤ አሁን ግን ሕመሙን በአዲስ ጆሮ አዳመጠው። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ባለሙያዎች ሲያወሩ፣ እንዲህ ያለው ካንሰር ወደ አከርካሪ እንደሚወጣ ሰማ። ደመረው። ታች ያለው ሞቷል፣ ወገብ ታሟል፣ ወንድሙ ደህና ነው ይላል። ካንሰሩ ተመልሷል ማለት ነው። በሐምሌ፣ ከሥራ ሲመለስ፣ የቤቱ ካርታ የት እንደተቀመጠ ለኤፍራታ አሳያት። ልጅቷ «ለምንድነው?» ስትለው «እንዲሁ» አላት።

ሁለት ፍርሃት ነበረው። አንዱ መሞት ነው። ሌላው፣ ከመሞቱ በፊት ሠርካዲስ ወንድ አለመሆኑን ማወቋ። ሁለተኛው ይብስበት ነበር። ይህም ያሳፍረዋል።

ኅዳር በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሃፍሳ በግቢው መሃል ቆማ ተጣራች።

«የኤፍራታ አባት! ዛሬ አልጋ እናስገባለን። ልጆቼ ሲያስሉ አደሩ፣ ወላሂ።»

«ትንሽ ቀን እንቆይ እንጂ፣ ሃፍሳ። ገና ይሞቃል።»

«ይሞቃል? የቱ ጋ? ዘንድሮ ምን ነካህ አንተ? አምና ጥቅምት ሳያልቅ አልጋውን ብቻህን ተሸክመህ ገባህ። እኛ እዚህ ሳቅን እንጂ!» ወደ ሠርካዲስ ዞረች። «አልሳቅንም? ‹ሰውዬው ሚስቱ ናፍቃዋለች› አላልንም?»

ሠርካዲስ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ልብስ ታጥባለች። ቀና አላለችም። «ልጆቹ ከሳሉ ይግባ» አለች።

ሁለቱን የሽቦ አልጋዎች አስገቡና እንደ ወትሮው ገጠሟቸው። ይታያል ብሎኑን ሲያጠብቅ ጊዜ ወሰደ። ቀና ሲል ሠርካዲስ የራሷን ፍራሽ ጠቅልላ ወደ ልጇ ክፍል ስትጎትት አያት።

«ወዴት ነው?»

«ወገቤን ያመኛል። መሬት ላይ ይሻለኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ወገብሽን የሚያምሽ?»

«ካመመኝ ጀምሮ።»

በወገቧ ተማርራ አታውቅም። እፎይ ማለት ነበረበት፤ የፈራው አልመጣም። አንድ ነገር ግን ገባው። ዐውቃለች። እንዴት እንዳወቀች ማሰብ ጀመረ፤ መልስ ባጣ ቁጥር የባሰ ፈራ። በማግሥቱ ጠዋት ስምሪት ክፍል ሄዶ ለመስክ ተመዘገበ። አዋሽ ድረስ ዕቃ የሚያደርሱ ሁለት መኪኖች ነበሩ። አንዱን እሱ፣ ሌላውን ጥሩሰው ያዘ።

ጥሩሰው የረጅም ጊዜ ባልደረባው ነው፤ አፉ የማያርፍ፣ ክፋት የሌለበት። ምሳ ገዋኔ በሉ። ከባድ መኪኖች ግራና ቀኝ ቆመዋል። ከመንገዱ ማዶ፣ ከብስኩትና ከባትሪ ድንጋይ ጎን፣ ለከባድ መኪና ሹፌሮች የወንድነት ኪኒን የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሁሉም ያውቀዋል።

«እኔ የምልህ» አለ ጥሩሰው፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ «አንተ ከመስክ ጋር ተጋባህ እንዴ? በአንድ ወር ሦስተኛህ ነው። ሠርካዲስ ፎቶህን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ይሆናል የምትኖረው።»

«ሥራ ነው።»

«ሥራ! ብርዱ ገብቶ፣ ሰው ከቤቱ የማይወጣበት ጊዜ!» ወደ ሱቁ በአገጩ አመለከተ። «ወይስ ሰማያዊዋን ልግዛልህ? እኔ እጋብዛለሁ። ሠርካዲስ ትመርቀኛለች።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሹፌሮች ሳቁ። ይታያልም ሳቀ። የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ግን ሻዩ ፈሰሰ፤ ጥሩሰው አይቶ ስለ ጎማ ማውራት ጀመረ። ወሬ መቀየሩ ከቀልዱ ይልቅ አስፈራው።

ኪኒኑን ከገዋኔ መግዛት አይታሰብም። አዋሽ ሲደርሱ ዕቃውን አራገፈ፣ ጥሩሰውን ሆቴል ተወው፣ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ ከገበያው ጀርባ ወዳለ መድኃኒት ቤት በእግሩ ሄደ። ከመደርደሪያው ወዲያ ነጭ ጋውን የለበሰች ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት አለች። ደረቷ ላይ «ራሄል» የሚል ተጽፏል። ወንድ ቢሆን ኖሮ ብሎ ተመኘ። ከኋላው ሰው ስላልነበረ ተናገረ።

«ለጓደኛዬ ነው።»

«ዕድሜው ስንት ነው ጓደኛዎ?»

«አምሳ አንድ።»

«የልብ መድኃኒት ይወስዳል? ደረቱን ሲያመው ከምላሱ ሥር የሚያደርገው ነገር አለ?»

«የለም።»

«ካለ ከዚህ ጋር ይገድለዋልና ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት?»

«የለብኝም» አለ ይታያል።

ራሄል አልሳቀችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ቀዶ ጥገና አድርገው ያውቃሉ፣ ጋሼ?»

«በየካቲት። ፕሮስቴት። ካንሰር ነው ብለው።»

«እንግዲያ ነርቩ ነዋ። ሐኪሙ አልነገረዎትም እንዴ?»

«የምን ነርቭ?»

አንድ እጇን ጨበጠች። የሌላውን እጅ ሁለት ጣቶች በጭብጡ ግራና ቀኝ አሳለፈች። «ዕጢው ይሄ ነው ይበሉ። ለወንድ ልጅ መቆም ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች እንዲህ ተለጥፈውበት ነው የሚያልፉት። ክር ያህል ናቸው። ዕጢው ሲወጣ ይነካሉ፤ ይለጠጣሉ፣ ይቆስላሉ። ካንሰሩ ከያዛቸው ደግሞ አብረው ይቆረጣሉ።»

ይታያል መደርደሪያውን ይዞ ቆመ። «ካንሰሩ ተመልሶ አይደለም እንዴ… ማለቴ፣ ወደ ላይ ወጥቶ አይደለም?»

«ያንን የሚነግርዎት ምርመራ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ግን ከቀዶ ጥገናው ቀን ጀምሮ ከሆነ፣ ከቀዶ ጥገናው ነው።» ኪኒኑን አልሸጠችለትም። «ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ። ከሆስፒታል የወጡበት ወረቀት ላይ ስልኩ አለ።»

ወረቀቱ ዘጠኝ ወር ሙሉ መኪናው ውስጥ ነበር፣ ከሹፌሩ ፀሐይ መከላከያ ሥር ተሸጉጦ። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ አንብቦት አያውቅም። ቁጥሩን ግን ማንበብ ይቻላል። መስኮቱን ዘግቶ ደወለ። ሦስት ጊዜ አልተነሳም። በአራተኛው ቀዶ ጥገናውን ያደረጉለት ዶክተር ሣህሌ አነሱ። ስሙን ሲነግራቸው ትንሽ አሰቡ፤ ከዚያ አስታወሱት።

«አልመጡም እኮ» አሉ። «በስድስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ሰጥቼዎት ነበር።»

«የምን ቀጠሮ?»

«ለዚሁ ጉዳይ። ወንድምዎ ደውለው ‹በርትቷል፣ ሥራ ጀምሯል፣ አያስፈልገውም› አሉኝ። አልነገሩዎትም?»

«አልነገሩኝም።»

ዶክተሩ ዘርዝረው ነገሩት። የቀኙን ነርቭ አድነውታል። የግራው ከካንሰሩ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ አብሮ ወጥቷል። ይህ ሊሆን እንደሚችል ከቀዶ ጥገናው በፊት ለቤተሰብ ተነግሯል። መሆኑም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለቤተሰብ ተነግሯል።

«ካንሰሩስ?»

«ደምዎ በሦስቱም ምርመራ ንጹሕ ነው። ለወንድምዎ ነግሬያለሁ።»

«ደህና ነው ብሎኛል።»

«ታዲያ?»

«ደህና ነው ሲለኝ የምሞት መሰለኝ።»

ዶክተሩ ሦስቱንም ውጤት እንደገና ነገሩት። ይታያል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያኛውስ ይመለሳል?»

«አላውቅም። የቆሰለ ነርቭ የሚያገግመው ቀስ ብሎ ነው። ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ደም ወደ አካሉ እንዲዘዋወር የሚረዳ መድኃኒት እንሰጣለን፤ አካሉ ሥራ ፈትቶ እንዳይደክም። ያንን ገና በሚያዝያ ብንጀምር እመርጥ ነበር። ጨርሶ አልረፈደም። ግን ጊዜ አባክነናል።»

ስልኩን ዘጋው። አልሞትም ብሎ አሰበ። ይህን ካሰበ በኋላ ደስታ ጠበቀ። አልመጣም። አንዱ ፍርሃት ሲወጣ፣ ሌላው ቦታውን ሁሉ ይዞ ተንሰራፋ።

ወደ ወንድሙ ጎሚስታ ቤት በቀጥታ ሄደ። ቢሰጥ የከባድ መኪና ጎማ መሬት ላይ አጋድሞ በፌሮ ከቸርኬው እያላቀቀ ነበር። ባለ መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለህ?»

«የቱ ሐኪም?» ቢሰጥ ሥራውን አላቆመም።

«በየካቲት። በሩን ዘግታችሁ።»

«ደህና ነው ብሏል አልኩህ እኮ።»

«ለአባባም እንደዚያ ነበር ያልነው።»

ፌሮው ቆመ። ቢሰጥ ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። «ደወልክለት?»

«ደወልኩ።»

«ብነግርህ ኖሮ አትተኛላቸውም ነበር። ዐውቅሃለሁ። ‹እንዲህ ከምሆን ልሙት› ብለህ አውቶቡስ ትሳፈር ነበር። አትሳፈርም?»

ይታያል አሰበ። ምናልባት ይሳፈር ነበር። «እሱን የምወስነው እኔ ነበርኩ» አለ።

«ሬሳ ሆነህ?»

«እሺ እሱስ ይሁን። ከተቀደድኩ በኋላስ? ቀጠሮውን ለምን ደበቅከኝ?»

ባለ መኪናው ከጥላው ሥር ጮኸ። «እናንተ ሰዎች፣ ርስት ነው የምትካፈሉት? ጎማዬን ልቀቁልኝ፣ ጂቡቲ እገባለሁ!»

«ዝም በል አንተ ደግሞ!» አለ ቢሰጥ። ከዚያ ጎማውን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አፈርኩ» አለ። «ታናሽ ወንድሜ ነህ። ደውዬ ምን ልበልህ? ‹ይቆምልሃል ወይ› ልበልህ? ቀን ገፋሁት። ሳምንት አለፈ። ከዚያ ወር አለፈ። ከዚያ በኋላ ብነግርህ ‹እስከዛሬ የት ነበርክ› ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ሠርካዲስስ?»

«እሷማ ‹ለራሱ ይነገረው› ብላ እዚያው ሐኪሙ ፊት አልቅሳለች። እኔ ነኝ ያስማልኳት።» ፌሮውን አስቀመጠ። «በኤፍራታ።»

ይታያል ወደ መኪናው ተመለሰ።

በማግሥቱ ወደ ሰመራ ሲነዳ ጥሩሰው ከፊት ነበር። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሰው ብዙ ያስባል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ታውቅ ነበር። በግቢው ውስጥ በሳቀ ቁጥር፣ ከሃፍሳ ጋር በቀለደ ቁጥር፣ ታውቅ ነበር። አሁን ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ አላወቀም። ገዋኔ ላይ አልቆመም።

ቤት የደረሰው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ኤፍራታ ጥናት ሄዳለች። ሠርካዲስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የታጠቡትን አጎበሮች ታጥፋለች።

«ቢሰጥ ደውሎ ነበር» አለች። «‹ዐውቋል፣ መሐላሽ ወርዷል› አለኝ። አሳሪም እሱ፣ ፈቺም እሱ። መቼ እንደቀሰሰ እንጃ።»

«በልጃችን ምለሽ ዝም አልሽኝ።»

«ምን ብዬ እንደማልኩ ነግሮሃል?»

«እንዳትነግሪኝ።»

«አይደለም። ‹ካልጠየቀኝ አልነግረውም› ብዬ ነው የማልኩት። ቢሰጥ ‹አልነግረውም› የምትለዋን ሰምቶ ረካ። የፊተኛዋን እኔ ለአንተ ብዬ ነው ያስገባኋት። አንድ ቀን ‹ሠርካዬ፣ ምን ሆኜ ነው?› ብትለኝ፣ እዚያው እነግርህ ነበር። ዘጠኝ ወር ጠበቅኩህ። አልጠየቅከኝም።»

ይታያል በሩ ላይ እንደቆመ ነው። «ፈራሁ» አለ።

«እኔስ? ሚያዝያ ላይ ቀጠሮህ ሲደርስ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። መሐላው ይፍረስ፣ ልንገረው አልኩ። በዚያው ሳምንት ኤፍራታ ታይፎይድ ይዟት ወደቀች። ታስታውሳለህ አይደል? ግሉኮስ ሲሰጣት እኔ ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ ነበር። አንተ ለልጄ የማለቅስ መስሎህ ነበር። ለአንተም ነበር። ከዚያ በኋላ አፌን መክፈት አልቻልኩም።»

«ፍራሹስ?»

«ምን አድርግ ነው የምትለኝ? ከጎንህ ብተኛ ትሞክራለህ። ትሞክርና ታፍራለህ። እሱን እንዳላይ ነው።»

«የተጸየፍሽኝ መሰለኝ።»

ሠርካዲስ አጎበሩን ጣለችው። «ተጸየፍሽኝ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የናፍጣ ሽታህን ያልተጸየፍኩ ሴት? አፍህን ያዝ!»

ተቀመጠ። አጠገቧ ሳይሆን ፊት ለፊቷ። መናገር የፈለገውን ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው። በሦስተኛው ወጣለት።

«ካልተመለሰስ?»

ሠርካዲስ ግድ የለኝም እንድትለው ጠብቆ ነበር።

«አላውቅም» አለች። «ግድ የለኝም ብልህ ውሸት ነው። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ይታይ። እኔም እፈራለሁ። ግን ትቼው ልሂድ የሚል ነገር አልመጣብኝም። የመጣብኝ ንዴት ነው። ዘጠኝ ወር ሁላችሁም አፌን ዘጋችሁት።»

በታኅሣሥ አዲስ አበባ ሄዱ። ነርሷ በሩን ከፍታ «የይታያል ቤተሰብ!» አለች። ይታያል ተነሳ።

«ታማሚው እኔ ነኝ» አለ። «እኔ እገባለሁ። እሷ ከፈለገች ትከተለኛለች።»

ሠርካዲስ ተከተለችው። ዶክተር ሣህሌ ለሁለቱም አስረዱ። ኪኒኑ በመጠኑና በሰዓቱ ይወሰዳል። ኪኒን የሚረዳው የተረፈ ነርቭ ካለ ነው፤ እሱ አንድ አለው። ካልረዳ በአየር የሚስብ መሣሪያ አለ፣ መርፌም አለ። እስከ ሁለት ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ ወዲያ ያልተመለሰ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ይታያል ጠይቆ ሲጨርስ፣ እሱ ያልደፈረውን ሠርካዲስ ጠየቀች፤ እስከዚያ አብረው መተኛት፣ መነካካት ይጎዳው እንደሆነ። «አይጎዳውም» አሉ ዶክተሩ። «እንዲያውም ፍርሃቱ ነው ይበልጥ የሚጎዳው።» ይታያል ፍርሃት የሚቀንስ ኪኒን ካለ ጠየቀ። ቀልዱን አልነበረም። ዶክተሩ ግን ሳቁ፤ ሠርካዲስም ሳቀች።

ጥር ላይ፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ቢሰጥ ደወለ። እንደ ልማዱ በሠርካዲስ ስልክ ነበር።

«እንዴት ነው እሱ?»

«አጠገቤ አለ። ራሱን ጠይቀው» አለችና ስልኩን ድምፁ ከፍ ብሎ እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ከቢሰጥ በኩል የተሰማው የጎማ መንፊያው ኮምፕረሰር ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ጠፋ፤ ቢሰጥ አጥፍቶት መሆን አለበት።

«ይታያል… እንዴት ነህ?»

ይታያል ነገረው። ኪኒኑን ከጀመረ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። አንዳንድ ጠዋት ትንሽ ነገር አለ፤ የሚበቃ አይደለም። ዶክተሩ ገና ነው ብለዋል። ደሙ ንጹሕ ነው፤ ውጤቱን ራሱ ተቀብሎታል። ይፈራል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገረና ቆመ።

«እሺ» አለ ቢሰጥ። ስልኩን የሚዘጋ መስሏቸው ነበር።

«አንተ» አለ ቢሰጥ፣ «ሕመሙ መጀመሪያ ሲጀምርህ… ሌሊት ለሽንት ስንቴ ትነሳ ነበር?»

ሠርካዲስ ይታያልን አየችው።

«አራቴ። አንዳንዴ አምስቴ።»

«እኔ ስድስት ደርሻለሁ።»

ይታያል ስልኩን አነሳና ወደ አፉ አስጠጋው። «ከመቼ ጀምሮ?» አለ።